ከግድግዳው ማዶ የሚደመጥ ትዝታ

የእህቴ ልጅ ትዝታ ሰምቶ ያለቀሰ ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ደስ አለው። ደብረ ብርሃን ነን፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለተኛው ቡና ቀርቧል። ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ዘፋኝ በክራር ታጅባ ታንጎራጉራለች። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ትከሻዎቹን ወደ ጆሮዎቹ ሰቀለ፤ ቀጥሎ ጥርሱን ነከሰ፤ ዘፋኟ ከፍ ያለውን ድምፅ ይዛ ስታስረዝመው ግን ጆሮዎቹን በመዳፎቹ ደፈነና እንባው ዱብ ዱብ ይል ጀመር። እናቴ «ውይ ልጄን! ሆዱ ባባ እኮ» አለች። ጎረቤታችን ስኒዋን እንደያዘች «ይኼ ልጅ ትልቅ ሰው ይሆናል፤ በዚህ ዕድሜው ትዝታ የገባው!» ብላ መረቀችው። እህቴ ኩራት ይሁን ርኅራኄ ባልለየ ፊት ተነሥታ፣ ደኅና አድርጎ ይስማ ብላ፣ ድምፁን ጨመረችለት።

ልጁ ወደ ጓሮ ሮጠ። የደብረ ብርሃን ንፋስ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ልጅ ያለ ሹራብ ወጥቶ ከቆርቆሮ አጥር ሥር መኮራመትን ከመረጠ፣ ቤት ውስጥ ያለው ነገር ከብርዱ ብሶበታል ማለት ነው። ተከትዬው ወጣሁ። አላባበልኩትም። አጠገቡ ተቀምጬ «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» አልኩት። ከጆሮው ዝቅ ብሎ መንጋጋው የሚታጠፍበትን ቦታ በጣቱ ነካ። እኔንም የሚያመኝ እዚያው ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሰዎቹ ያዩት እንባ ነው፤ እንባን ደግሞ ሁላችንም የምናነበው በአንድ መንገድ ነው። ልጁ ተነካ፣ ልጁ አዘነ፣ ልጁ ዘፈኑ ገባው። ያንኑ ልጅ በሌላ ቀን፣ በሌላ ቤት፣ አንድ ሽማግሌ ሲያንጎራጉሩ ጆሮውን ቢደፍን ደግሞ ስድ አደግ ይባል ነበር። እኔ በሁለቱም ስም ተጠርቼ ነው ያደግሁት።

ዝግ ያለ ዘፈን ለምን ይብሳል?

ድምፅ የሚያመው ሰው ጭፈራ የሚጠላ፣ እንጉርጉሮ የሚወድ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ ቢያንስ በእኔና በዚህ ልጅ ላይ። ሞቅ ያለ ዘፈን ዶፍ ዝናብ ነው፤ አንዴ ካራሰ በኋላ ጠብታውን ከጠብታ የሚለየው የለም። ትዝታ ግን ሌሊት ከሚያፈስ ጣሪያ የሚወርድ ጠብታ ነው። አንዱ ወድቆ ሌላው እስኪወድቅ ድረስ ያለው ዝምታ ራሱ ጆሮ ይይዛል።

ዘፋኙ ስንኙን ከመጀመሩ በፊት አየር ሲስብ ይሰማኛል። ከንፈሩ ሲላቀቅ ይሰማኛል። በቀረጻ ጊዜ ማይክሮፎኑ አፉ ሥር ስለሚደቀን፣ «ስ» እና «ሽ» ባሉበት ሁሉ እንደ መርፌ የሚሾል ነገር ይመጣል። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ ደግሞ ታፍነው ቆይተው በድንገት የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው፤ በጭፈራ ውስጥ ከበሮው ይውጣቸዋል፣ በእንጉርጉሮ ውስጥ ግን ብቻቸውን ይቀራሉ። ከዚያ ቅላጼው ይመጣል። ዘፋኙ አንዱን ድምፅ ይዞ ያረዝመዋል፣ ያርገበግበዋል፣ ወደ ጎረቤቱ ያንሸራትተዋል። ሌላው አድማጭ እዚያ ላይ «እሰይ!» ይላል። እኔ እዚያ ላይ መቼ እንደሚለቀው እየጠበቅሁ መንጋጋዬን ነክሻለሁ።

ቅኝቱም፣ ማለትም ዜማው የሚመላለስባቸው ድምፆች አደራደር፣ ድርሻ አለው። ትዝታ አምስት ድምፆች አሉት። ሙሉ ትዝታ በሚባለው ውስጥ አምስቱ በመካከላቸው ሰፊ ቦታ ይዘው ይቀመጣሉ። በግማሽ ትዝታ ግን ሦስተኛውና አምስተኛው በግማሽ እርከን ዝቅ ስለሚሉ፣ እያንዳንዳቸው ከታች ካለው ጎረቤታቸው ጋር ሊነካኩ ይደርሳሉ። አብዛኛው ሰው የትዝታን ልብ የሚያገኘው በዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው። ሁለት እንዲህ የተቀራረቡ ድምፆች በክራር ላይ ተከታትለው ተመትተው፣ የመጀመሪያው ሳይጠፋ ሁለተኛው ሲደርስበት፣ በመካከላቸው መንቀጥቀጥ ይፈጠራል። ሌላው ሰው ያንን መንቀጥቀጥ ስሜት ይለዋል። እኔ ቆዳዬ ላይ ነው የማገኘው።

የሰው ጆሮ ለሁሉም ድምፅ እኩል አይደለም። በጣም ነቅቶ የሚሰማው ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ባለው፣ ማለትም በሰከንድ ይህን ያህል ጊዜ በሚርገበገበው ድምፅ መካከል ነው፤ የሕፃን ጩኸት ሰውን ከእንቅልፉ የሚያስነሣውም በዚያ አካባቢ ብዙ ጉልበት ስላለው ነው። የተወጠረ የዘፋኝ ድምፅም ጉልበቱን የሚያወጣው እዚያው ሠፈር ነው። ጤነኛ ጆሮ መካከለኛው ክፍሉ ላይ ትንንሽ ጡንቻዎች አሉት፤ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ ይኮማተሩና ጥቂት ይከላከላሉ። ግን ይዘገያሉ፤ ድንገተኛው ድምፅ ከእነርሱ ቀድሞ ይገባል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ጆሮ ስም ወጥቶለታል። ተራ ድምፅ ከልክ በላይ ጮኾ ወይም አሞ ሲሰማ ሃይፐራኩሲስ ይባላል። የተወሰኑ ድምፆች፣ ለምሳሌ የማኘክ ወይም የመተንፈስ ድምፅ፣ ከጩኸታቸው ጋር በማይመጣጠን ሁኔታ ቁጣና ጭንቀት ሲቀሰቅሱ ደግሞ ሚሶፎኒያ ይባላል፤ ይህን ስም ማርጋሬትና ፓወል ጃስትረቦፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2001 ያስተዋወቁት ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆችም ድምፅ ይከብዳቸዋል። የእህቴን ልጅ ከእነዚህ በአንዱ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ የእኔ ሥራ አይደለም፤ እኔንም ያስቀመጠኝ ሐኪም የለም። ስም መኖሩ ግን አንድ ነገር አደረገልኝ፤ እህቴ ስልኬ ላይ አንብባ ለመጀመሪያ ጊዜ «ታዲያ እንዲህ ከሆነ ለምን አልነገርሽንም?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ተረቱ የተተረተው ለሐሜት ቢሆንም የእኔን ጆሮ ግን በደንብ ይገልጸዋል፤ አብሮኝ ይኖራል እንጂ አይታዘዘኝም።

ሐዘን የማያውቅ ሰው

በእኛ አገር ይህንን ማስረዳት ይከብዳል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሰው የሚለካው በለቅሶ ቤት መቀመጡ ነው፤ ሙሾ ሲወርድ ቆሞ መስማቱ፣ ሰው ሲያንጎራጉር አንገቱን ደፍቶ ማድመጡ። ትዝታ ላይ ጆሮ መያዝ የሰው ሐዘን ላይ በር እንደ መዝጋት ይቆጠራል።

አንድ ጊዜ ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን በሚመጣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ጣርማ በርን እየወጣን፣ ረዳቱን ሙዚቃውን ትንሽ ዝቅ እንዲያደርገው ለመንኩት። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ድምፁ ከግድግዳው እየተመለሰ እጥፍ ይሆናል። ረዳቱ ትሑት ልጅ ነበር፤ እጁን ሊዘረጋ ሲል ከኋላዬ አንዲት እናት «ተወው ልጄ፤ ሐዘን የማያውቅ ሰው ነው ትዝታ የሚያስጠፋ» አሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ምን ይመለስላቸዋል? ረዳቱ እጁን ሰበሰበ፣ እኔም አፌን።

ደግሞ ሰዎች «ለስለስ ያለውን ክፈቱላት» ሲሉ ይገርመኛል። ለስላሳ የሚባለው ነገር ሁሉ አይለሰልሰኝም። በጾሙ ወራት የእህቴ ጎረቤት በገና ይደረድራሉ። በገና አሥር አውታር አለው፤ በአውታሩና በመቀመጫው መካከል እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ ቁራጭ ቆዳዎች ይገባሉ፤ ያ የሚታወቀው የንብ መንጋ የሚመስል ጥዝታ የሚመጣው ከእነርሱ ነው። ሻካራ ድምፅ ነው። ለድምፅ የሚሳሳ ሰው መጀመሪያ የሚሸሸው እርሱን ይመስላል። ይህ ቴሌቪዥን ያስለቀሰው ልጅ ግን በገናው አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ እንቅልፍ ወሰደው። ያ ጸሎት ነው፣ ዘፈን አይደለም፤ ሐዘኑ ግን ከየትኛውም ትዝታ አያንስም። ለምን እንደተቻለ ሳስበው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ሻካራነቱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ነው፣ ጣት አውታሩን የሚነካውም ትጠብቀው በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ከፍ ብሎ የሚወጋህ፣ ሳትጠብቀው የሚሰበር ነገር የለውም።

መንዝ ላይ የሆነው

ባለፈው ጥር የአጎቴ ልጅ ተዳረች፤ ወደ መንዝ ወጣን። ከጣርማ በር ተገንጥሎ በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚያልፈው መንገድ ላይ፣ ከዋናው ጎዳና ትንሽ ገባ ያለ ቀበሌ ነው። የሰርጉን ቀን አልተርክም፤ ድንኳን፣ ጄኔሬተር፣ የሰው ቁመት የሚያህል ድምፅ ማጉያ። ልጁን ይዤ ቀኑን ከበጎች ጋር አሳለፍኩት።

የሆነው በማግስቱ ነው። እንግዳው ተበትኖ፣ ድምፅ ማጉያው በፒክአፕ ተጭኖ ሄዶ፣ የቤት ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር። በዕድሜ ገፋ ያሉ አንድ አዝማሪ ቀርተዋል፤ አጎቴ ከልጅነት ጀምሮ ያውቃቸዋል። አዲሱ ቤት ውስጥ፣ ቆርቆሮ ክዳን ያለውና ወለሉ ሲሚንቶ የሆነው ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ማሲንቋቸውን ይቃኛሉ። ማሲንቆ የሚያውቅ ሰው ያንን ሥርዓት ያውቀዋል፤ አንዷን የፈረስ ጭራ አውታር ወጠር ላላ እያደረጉ፣ የደጋኑን ጭራ ዕጣን እየቀቡ። ደጋኑን አንዴ ሳብ ሲያደርጉት ቆርቆሮው መለሰላቸው። ልጁ ተነሥቶ ወጣ።

አዝማሪው አዩት። ቅር ብሏቸዋል፤ ደጋኑ ጭናቸው ላይ ቆመ። «ልጁን ማን አስቀየመው?» አሉ። እህቴ ልታስተባብል ስትንተባተብ እኔ ቀደምኳት። «ጋሼ፣ ጆሮው ያመዋል። ድምፅ ይበዛበታል። እኔም እንደርሱ ነኝ።» ከአንድ አዝማሪ ፊት ይህንን መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት ይቻላል። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ የጠበቅሁትን ሁሉ ትተው «ዕጣኑ ነው እንዴ?» አሉኝ።

አልገባኝም ነበር። አስረዱኝ። ዕጣን ሲበዛ ደጋኑ አውታሩን ይነክሰዋል፤ ድምፁ ይሾላል፣ ለብዙ ሰው መሐል ጥሩ ነው፣ ከጫጫታ በላይ ይወጣል። ለጥቂት ሰው፣ ለሌሊት፣ ለታመመ ሰው ቤት ሲሆን ግን እንዳይነክስ ያሳንሱታል። «ለታመመ ሰው እንደ ሰርግ አይመታም» አሉ፣ ይህ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው በሚል ድምፅ። የደጋኑን ጭራ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

ልጁ በዚህ መካከል አሮጌው ቤት ገብቷል። አጎቴ ያላፈረሰው ያ የአያቶቻችን ቤት ነው፤ ግድግዳው ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው የድንጋይ ካብ፣ ክዳኑ ሣር። አሁን የሚነድበት ማድ ቤት ሆኗል። በሩ የሚከፈተው ወደ ጎን ነው፤ ሳሎኑን አያየውም። አጠገቡ ሄጄ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። አዝማሪው ጀመሩ።

እዚያ የሰማሁትን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ድንጋዩ የሾለውን ያስቀረዋል፤ ወፍራም ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ የሚከለክለውን ያህል ወፍራሙን አይከለክልም። በበሩ ዞሮ የሚመጣውም እንዲሁ ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ወፍራሙ ጥግ ይዞራል። ሣሩና ጥቀርሻው የደረሰውን ይጠጡታል እንጂ እንደ ቆርቆሮው አይመልሱትም። ትንፋሹ የለም። ፉጨቱ የለም። የቀረው ዜማው ነው። ከዚያም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቃሉ፦

ጉም ወርዶ ሸፈነው የመንዝን ጎዳና፣
አንቺም አልመጣሽም ጉሙም አልጠራና።

ትዝታ በምሰማበት ጊዜ ሁሉ ቃል አይዘኝም ነበር። ሌሎች ሰዎች ስንኝ በቃላቸው ይዘው ሲያለቃቅሱ፣ እነርሱ የሚሰሙትን ለመስማት የሚያስችል ፋታ የት እንዳገኙ ይገርመኝ ነበር። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የሚቀጥለው ሹል ድምፅ እንዳይወጋኝ ዘብ ቆሜ። ዘበኛ ሰርግ አይበላም። እዚያ መደብ ላይ ዘብነቱ ቀረ፤ ሆዴም ባባ። አባቴን አስታወስኩ፤ ለምን እርሱን እንደሆነ አላውቅም፤ እርሱ ዘፈን አይወድም ነበር።

ልጁ አላለቀሰም። ዘፈኑ ሲያልቅ ከበሩ ብቅ ብሎ «ድገሙት!» ብሎ ጮኸ። ከሳሎኑ ሳቅ ተሰማ። አዝማሪው ደገሙት። ሦስተኛውን ጊዜ ልጁ ከበሩ መቃን ላይ ተቀመጠ፤ አራተኛ ሲሉ ግን አጎቴ ምሳ ቀረበ ብሎ አስቆማቸው።

እንባውን ማን ያንብበው?

እህቴ አሁንም ትከራከረኛለች። «እሑድ ዕለት ያለቀሰው አዝኖ ነው፤ እናት ነኝ አውቃለሁ» ትላለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ብላ ተረትም ትጨምርብኛለች። መልሴ ቀላል አይደለም። የሚያመውና የሚያሳዝነው ነገር በአንድ በር ነው የሚገቡት፤ ስምንት ዓመት ልጅ ይቅርና እኔም በሩ ላይ ቆሜ መለየት ያቅተኛል። ሞንትሪያል ውስጥ አን ብለድና ሮበርት ዛቶሬ የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2001 ሰዎች ሰውነታቸውን ውርር የሚያደርጋቸውን ሙዚቃ ሲሰሙ አእምሯቸውን አይተው፣ በምግብ ደስታ ጊዜ የሚነቁት ቦታዎች በዚያም ጊዜ እንደሚነቁ አግኝተዋል። ያ መወረር ለብዙ ሰው የዘፈኑ ማር ነው። ከደስታው አጠገብ ሕመም የተተከለበት ሰው ግን ውርር ሲለው ጥጋቡንና ቁርጠቱን አብሮ ይቀበላል። እህቴ ያየችው እንባ ሐሰት አልነበረም እላለሁ። ድምፁን መጨመሯ ግን ሐዘኑን አልጨመረለትም፤ ወሰደበት።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ትዝታ ለብቸኛ ሰው፣ ለጥቂት ሰው የተሠራ ዜማ ነው። ድንኳን ውስጥ በማጉያ ለቅቀን፣ የገደል ማሚቶ ጨምረንበት፣ ደንቆሮ ካልሆንክ ማዘንህ የግድ ነው የምንለው ለምንድን ነው? የድምፅ ኃይል በዴሲቤል ይለካል፤ ለሠራተኞች የሚመከረው ወሰን 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ነው። ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ ሩብ ሰዓት ብቻ ይቀራል። ማጉያ ሥር የተቀመጡ አማቶች ከቀትር እስከ ምሽት ምን እየጠጡ እንደሚውሉ አስቡት። ጤነኛው ጆሮ አይከፋም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም፤ እኛ ቀድመን እንጮኻለን እንጂ።

የአዝማሪው ነገር የሚቆጨኝ ለዚህ ነው። «ለታመመ ሰው እንደ ሰርግ አይመታም» የሚለው ዕውቀት በእጃቸው ነበር፤ ስንት ዕጣን ለስንት ሰው እንደሚበቃ ያውቁ ነበር። ማጉያው ሲመጣ ያንን የሚጠይቃቸው ጠፋ። አሁን የሚጠየቁት ማይክሮፎኑን ወደ አፍ ማስጠጋት ብቻ ነው።

ቤታችን ውስጥ የተለወጠው ትንሽ ነው። እሑድ ቴሌቪዥኑ ትዝታ ሲጀምር ልጁ ጆሮውን ሳይዝ ተነሥቶ ጓዳ ይገባል፤ በሩን ገርበብ ያደርገዋል። ጎረቤታችን «ኮራ እንዴ?» ትላለች። እናቴ «ከዚያ ሆኖ ነው የሚሰማው» ብላ ትመልስላታለች፤ ከእርሷ ይህን ያህል መስማት ለእኔ ብዙ ነው።

አጎቴ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ሁለተኛዋን ልጁን ይድራል። ደውዬ ማጉያውን እንዲያስቀር ጠየቅሁት። «ሰው ምን ይላል? ድሃ ሆነ ይላል» አለኝ። የማጉያውን ኪራይ ለአዝማሪው እንዲከፍልልኝ፣ ብሩን እኔ እንደምችል ነገርኩት። አሰበበት። ዋናው ቀን ማጉያ፣ ማግስቱን ማሲንቆ ብሎ አስታረቀኝ። እኔ የማታውንም ጨምር እያልኩት ነው፤ ገና አልተስማማንም።